ትዌንቲ ቱን ምን እናጉርሳት?

ሚኒሶታ ውስጥ፣ ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቤት ጋራዥ ነው። አጎትየው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜያቸውን በተኩስ መለማመጃው፣ ሬንጅ ላይ የሚያሳልፉ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ለዒላማ ተኩስ አንድ ሽጉጥና አንድ ጠመንጃ ገዝታለች፤ ሁለቱም ትዌንቲ ቱ ካሊበር ናቸው። ጥይት ገዝታ መምጣቷ ነው።

እሷ፦ ጋሼ፣ ሱቁ ገብቼ ግራ ገባኝ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ትዌንቲ ቱ ነው። አንዱ «ስታንዳርድ» ይላል፣ አንዱ «ሃይ ቬሎሲቲ»፣ አንዱ «ማች»። ሻጩን ብጠይቀው «ፈጣኑን ውሰጂ» አለኝ፤ ይኸው።

ጋሼ፦ እስቲ ልየው። (ሳጥኑን አገላበጡት።) ስቲንገር ነው። አረሩ 32 ግሬይን ይመዝናል፣ በሰከንድ 1640 ጫማ ይሄዳል። ጠመንጃሽ ምን ነበር ያልሽኝ?

እሷ፦ ሲዜድ 457። የማች አፈሙዝ ያለው።

ጋሼ፦ እንግዲያው ይህ ሳጥን እዚያ ጠመንጃ ደጅ አይደርስም። የስቲንገር ቀለህ ከሌላው ትዌንቲ ቱ ሎንግ ራይፍል ረዘም ይላል። የማች (የውድድር) ጠመንጃ ጉሮሮ፣ ጥይቷ የምትቀመጥበትን ማለቴ ነው፣ ሆን ተብሎ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ ነው። ረጅሙ ቀለህ እዚያ ሲገባ አፉ ይጨነቃል፤ አረሩ እንደልቡ አይለቅም፣ ግፊቱም ይጨምራል። አምራቹ ራሱ በማች ጉሮሮ አትተኩሱት ይላል። ሻጭሽ ምን ልትተኩሺበት እንደሆነ ጠየቀሽ?

እሷ፦ አልጠየቀኝም።

ጋሼ፦ አብዛኛው ሱቅ ጥይት መልሶ አይቀበልም። ለእኔ ተዪው፤ አሮጌዋ ሩገር 10/22 ጉሮሮዋ ሰፊ ነው፣ ትበላዋለች።

እሷ፦ ግን ሁሉም ላይ ያው ትዌንቲ ቱ ሎንግ ራይፍል ነው የተጻፈው። ልኩ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ይህቺን ያዢ። ትናንት የተተኮሰች ቀለህ ናት። ግርጌዋን እይው።

እሷ፦ ጠርዟ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት አለ። መሃሉ ምንም አልተነካም።

ጋሼ፦ የክላሽም የምንሽርም ጥይት መለኮሻው መሃል ግርጌው ላይ ለብቻው ተተክሏል፤ መርፌው እሱን ይመታል። የዚህች መለኮሻ ግን ከውስጥ በኩል በጠርዟ ዙሪያ የተዘረጋ ነው። ፋብሪካው እርጥቡን መለኮሻ ቀለሁ ውስጥ ጠብ ያደርግና እንደ እንዝርት አሹሮ ወደ ጠርዙ ይነዛዋል። መርፌው ጠርዙን ከጉሮሮው ከንፈር ጋር ሲጨፈልቀው ይለኮሳል። ሪምፋየር የሚሏት ለዚህ ነው። ታዲያ መለኮሻው በአንድ በኩል ሳስቶ ከቀረና መርፌው እዚያው ላይ ካረፈ፣ ጠቅ ብሎ ዝም ነው። ትዌንቲ ቱ ከሌሎቹ ጥይቶች ይልቅ የምትከሽፈው በዚህ የተነሳ ነው። ርካሹና ውዱ የሚለያዩበት የመጀመሪያው ነገርም ይኸው ነው፤ መለኮሻው ዙሪያውን እኩል መዳረሱ።

እሷ፦ ከከሸፈች ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርሽ ከሠላሳ ሰከንድ ያላነሰ ጠብቂ፤ አንዳንዴ ዘግይቶ የሚለኮስ አለ። ከዚያ አውጥተሽ ሬንጁ ለከሸፈ ጥይት ያስቀመጠው ዕቃ ውስጥ ጣያት። ጠርዟን አዙረው እንደገና የሚሞክሩ አሉ፤ እኔ ለአሥር ሳንቲም ጥይት ያን ያህል አልደክምም። ከክሽፈት ይልቅ ሌላውን ፍሪ፦ ተኩሰሽ ድምፁ ልፍስፍስ ካለ አቁሚ። አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። ባዶነቱን ሳታይ ሁለተኛ ከደገምሽ አፈሙዙን ታበላሺዋለሽ፣ ራስሽንም ልትጎጂ ትችያለሽ።

እሷ፦ ቀለሁን መልሶ መሙላት አይቻልም? አያቴ የውጅግራ ቀለህ ይሞላ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦ ውጅግራ መለኮሻው መሃል ላይ ስለሆነ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ መትከል ይቻላል። ያኔ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ የሚመነዘር ነገር ነበር፤ ቀለህ የሚጥል ሰው አልነበረም። የትዌንቲ ቱ ጠርዝ ግን አንዴ ከተጨፈለቀ አለቀ። ስለዚህ ሌላው ተኳሽ ባሩዱን መዝኖ፣ አረሩን መርጦ ለጠመንጃው የሚስማማውን ቤቱ ይሠራል። አንቺ ፋብሪካ የሠራውን ከመምረጥ በቀር ምርጫ የለሽም። ምርጫው ይህን ያህል የሚያነጋግረው ለዚህ ነው።

እሷ፦ አሮጌ ፈጠራ ናት ማለት ነው?

ጋሼ፦ በጣም እንጂ። ፈረንሳዊው ፍሎቤር በ1845 እ.ኤ.አ. ለቤት ውስጥ ተኩስ ባሩድ የሌላት ትንሽ ጥይት ሠራ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1857 ትዌንቲ ቱ ሾርትን ከመጀመሪያው ሪቮልቨሩ ጋር አወጣ። ሎንግ ራይፍልን ያመጣው የስቲቨንስ ፋብሪካ ነው፣ በ1887። በነገራችን ላይ ሪምፋየር ሁሌም ትንሽ አልነበረችም፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሄንሪ ጠመንጃ የምትጎርሰው 44 ካሊበር ሪምፋየር ነበር። የቀለሁ ግድግዳ ስስ መሆን አለበት፣ አለዚያ መርፌው ጠርዙን አይጨፈልቀውም። ስስ ቀለህ ደግሞ ብዙ ግፊት አይችልም። ትልልቆቹ በዚህ ምክንያት ሞቱ፣ ትንሿ ቀረች።

እሷ፦ እሺ፣ ከሽጉጡ እንጀምር። ሩገር ማርክ 4 ነው።

ጋሼ፦ ጥሩ ሽጉጥ ነው። ግማሽ አውቶማቲክ ሽጉጥ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ትመታለች ወይ?» ሳይሆን «ትሠራለች ወይ?» ነው። ማቀባበያውን ወደ ኋላ የሚገፋው የጥይቷ ጉልበት ብቻ ነው። ጥይቷ ከደከመች ቀለሁ ሳይወጣ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ወይም ማቀባበያው እስከ ኋላ ሳይደርስ ይመለስና ከካዝናው ጥይት ሳያነሳ ባዶውን ይዘጋል። ለምሳሌ ሲሲአይ ኳየት የምትባለው በሰከንድ 710 ጫማ ናት። በእጅ በሚቀባበል ቦልት አክሽን ጠመንጃ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል፣ ደስ ትላለች፤ በአንቺ ሽጉጥ ግን ለእያንዳንዷ ጥይት በእጅሽ ማቀባበል ይኖርብሻል።

እሷ፦ ስለዚህ ለሽጉጥ ፈጣኑ ይሻላል። ሻጩ ተሳሳተ አይባልም።

ጋሼ፦ እሱም እንደ ሽጉጡ ነው። እንደ ዋልተር ፒ 22 ያሉት ትንንሾቹ 40 ግሬይን፣ መዳብ የተቀባ፣ ሃይ ቬሎሲቲ ካልሰጠሻቸው ያኮርፋሉ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 41 ደግሞ ለውድድር የተሠራ ነውና ልኩ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ ነው። የአንቺው ሩገር ሁለቱንም ይችላል። በስታንዳርድ ጀምሪ፦ 40 ግሬይን፣ 1070 ጫማ። ያለማቋረጥ ከሠራ ለምን የበለጠ ትከፍያለሽ? ደግሞ ሳጥኑ ላይ ያለው ፍጥነት የተለካው በጠመንጃ አፈሙዝ ነው። ትዌንቲ ቱ ባሩዷን ለመጨረስ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈሙዝ ትፈልጋለች፤ የሽጉጥሽ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። 1235 የተጻፈባት፣ ሚኒ ማግ የምትባለው ጥይት ከሽጉጥ ስትወጣ ወደ ሺህ ገደማ ትወርዳለች። በፍጥነት ስም የከፈልሽው ገንዘብ ወደ ድምፅና ወደ እሳት ይለወጣል።

እሷ፦ ባሩድ የሌላቸው አሉ የሚባለውስ እውነት ነው?

ጋሼ፦ የሜክሲኮው አጊላ ኮሊብሪ የሚላት አለች። አረሯ 20 ግሬይን ናት፣ የሚገፋት መለኮሻው ብቻ ነው። ለሽጉጥ ናት። ጠመንጃ ውስጥ እንዳታገቢያት፤ ረጅሙን አፈሙዝ ሳትጨርስ መሃል መንገድ ትቀራለች። ቅድም ያልኩሽ ተቀርቅሮ የሚቀረው አረር ማለት ነው።

እሷ፦ እሺ፣ ጠመንጃው።

ጋሼ፦ እዚህ ጋ ሐሳቡ ይገለበጣል። ቦልት አክሽን በእጅሽ ነው የምታቀባብይው፤ ጥይቷ ማንንም መግፋት አይጠበቅባትም። የምትፈልጊው አንድ ዓይነትነት ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሃምሳዋም በአንድ ፍጥነት እንዲወጡ። ሃምሳዋም ከድምፅ በታች ቢሆኑ ይመረጣል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፣ 1125 ጫማ ያህል። ሃይ ቬሎሲቲዋ ከድምፅ በላይ ትወጣና ዒላማው ጋ ሳትደርስ ወይም እዚያው አካባቢ ከድምፅ በታች ትወርዳለች። ያን ድንበር ስትሻገር አየሩ ይንጣታል። ስታንዳርዷ ግን ከመነሻዋ ከድንበሩ በታች ስለሆነች የምትሻገረው ነገር የላትም። የእንግሊዙ ኢሌይ ቴኔክስ፣ ዋንጫ የሚበላባት ጥይት፣ በሰከንድ 1085 ጫማ ብቻ ናት። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ውዷ ከቀርፋፎቹ አንዷ መሆኗን ሻጭሽ አልነገረሽም።

እሷ፦ ገረመኝ። ታዲያ የእኛ ክረምትስ? አየሩ ሲቀዘቅዝ ድምፅም ይዘገያል አይደል?

ጋሼ፦ ጎበዝ! ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ድምፅ 325 ሜትር ገደማ ነው፤ ስታንዳርዷ ደግሞ በወረቀት 326። ድንበሩ ራሱ ወርዶ ይደርስባታል። እርግጥ ባሩዱም በብርድ ይደክማልና ጥይቷም ቀዝቀዝ ትላለች። አረሩ ላይ ያለው ሰምም ይደርቃል። በጥር ውጭ ስትተኩሺ ያገኘሽውን ውጤት ይዘሽ በጥይቷ አትፍረጂ፤ ሳጥኑን ከጃኬትሽ ውስጥ አድርጊ።

እሷ፦ ሆሎው ፖይንት የሚሉትስ? አፉ ክፍት የሆነው?

ጋሼ፦ ለአደን ነው። ጥንቸልና ሽኮኮ ለሚመታ ሰው። እኛ ሽኮኮ አንበላም። ለወረቀት ዒላማ ድፍኑ ይበቃሻል። አንዳንድ ሽጉጥ ላይ ሆሎው ፖይንቱ አፉ እየተጋጨ ጉሮሮ አልገባም ይላል።

እሷ፦ የ550ው ካርቶንስ? እሱ ርካሽ ነው። ጥይቶቹ ሳይደረደሩ ዝም ብለው ተደፍተውበት አየሁት።

ጋሼ፦ ለ10/22 እና ጣሳ ለሚመቱ ልጆች ምንም አይልም። የእኛው ሰፈር ፌዴራልም ይሠራል፤ እዚሁ አኖካ ከ1922 ጀምሮ ያለ ፋብሪካ ነው። ነገር ግን አረሯ ለስላሳ እርሳስ ናት፤ ካርቶን ውስጥ እርስ በርስ ስትጋጭ ትጫጫራለች፣ ሰሟም ይላጣል። ጠርዟን እየለኩ፣ አንድ በአንድ እየመዘኑ ከርካሹ ካርቶን ውስጥ ጥሩዋን ሊለቅሙ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። ሌሊቱን ሲመዝን ከሚያድር በዚያ ሰዓት ኦቨርታይም ሠርቶ ጥሩውን ቢገዛ ይሻለዋል።

እሷ፦ ማግነም የሚለውንም አይቻለሁ። ትዌንቲ ቱ ማግነም።

ጋሼ፦ እሷ ሌላ ናት። ዊንቸስተር በ1959 ያወጣት፣ ቀለኋም አካሏም ወፈር ያለ። ለማግነም በተሠራ ጠመንጃ ሎንግ ራይፍል ብታጎርሺ ጉሮሮው ሰፊ ስለሆነ ቀለሁ ይሰነጠቃል። 17 ኤችኤምአር ደግሞ የማግነሟ አንገት ጠቦ የተሠራች ናት፣ ከ2002 ወዲህ የመጣች። አንዷን በሌላዋ ቦታ አታጉርሺ። አፈሙዝሽ ላይ የተቀረጸውን አንብበሽ እሱኑ ግዢ።

እሷ፦ እሺ፣ ስታንዳርድ እንበል። ከስታንዳርዶቹ የቱን?

ጋሼ፦ እኔ አላውቅም።

እሷ፦ እንዴት አያውቁም?

ጋሼ፦ ጠመንጃሽ ናት የምታውቀው። ሁለት ሲዜድ፣ አንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ አንደኛዋ ኤስኬ የሚባለውን ጥይት ትወድና ሌላዋ ያንኑ ኤስኬ እንደ ጨው ትበትነዋለች። የጉሮሮው ስፋት፣ የአፈሙዙ ጠመዝማዛ፣ የአረሩ ሰም፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይተዋወቃል ወይም አይተዋወቅም። ሳጥኑ ላይ «ማች» ተብሎ ስለተጻፈ የሚሆን ነገር የለም። ስለዚህ ካርቶን ሙሉ አትግዢ። አንድ አንድ የሃምሳ ሳጥን ከአራት ወይም ከአምስት ዓይነት፦ ሲሲአይ ስታንዳርድ፣ ኤስኬ፣ ኢሌይ፣ ላፑዋ፣ ፌዴራል። አንዳንዷ ሳጥን ከ10 ዶላር በታች ናት፣ ቴኔክስ ግን ከ20 በላይ ታስከፍልሻለች።

እሷ፦ ከዚያ?

ጋሼ፦ ነፋስ የሌለበት ጠዋት፣ 50 ሜትር ላይ፣ ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አስደግፈሽ። ዓይነት በቀየርሽ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን አሥር ያህል ጥይቶች አትቁጠሪ፤ አፈሙዙ የቀድሞዋን ሰም አስወግዶ የአዲሲቷን እስኪለብስ ነው። ከዚያ አምስት አምስት ጥይት በአምስት ወረቀት ላይ። አንድ ወረቀት ላይ አምስቱም አንድ ቀዳዳ ቢገቡ አትደሰቺ፣ አጋጣሚ ነው። አምስቱንም ወረቀት ደርድረሽ እይ። ከሁሉ የከፋው ወረቀት የቱ ጥይት ላይ ነው የተሻለው? እሷን ነው የምታገቢያት። (ከመደርደሪያው ሁለት ወረቀት አወረዱ።) ይኸው፣ ከአንድ ጠመንጃ፣ በአንድ ጠዋት። ይህኛው ላይ አምስቱ ቀዳዳዎች ተነካክተዋል። ይህኛውን እይ።

እሷ፦ አራቱ አንድ ላይ ናቸው፣ አንዷ ብቻዋን ታች ወርዳለች።

ጋሼ፦ ጣቴ ነው ብዬ አስቤ ነበር። በሚቀጥለውም በዚያ በሚቀጥለውም ወረቀት አንዷ ታች ወረደች። ከአምስቷ አንዷ ዘገም የምትል ጥይት ናት ማለት ነው። 50 ሜትር ላይ እንዲህ ከታየ፣ 100 ሜትር ላይ ቁልቁል ይዘረጋል። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የአሥሯ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ አረሯ ራሷ 5.6 ናት። አንዲት ዘገምተኛ ጥይት ምን እንደምታደርግ አስቢው።

እሷ፦ ሽጉጡንም እንዲሁ ልፈትን?

ጋሼ፦ ሽጉጡን 25 ሜትር ላይ ፈትኚ፣ ግን መጀመሪያ መቶ ጥይት ሳይቆም ይተኩስ። የቆመበትን ጻፊ፤ የትኛዋ ጥይት፣ ከስንት ተኩስ በኋላ፣ ጠቅ ብላ ነው ወይስ ቀለህ ይዛ። ትዌንቲ ቱ ቆሻሻ ናት፤ ጥቀርሻውና ሰሙ ሲከማች ጥሩዋም ጥይት ትቆማለች። ሳትወለውዪ በጥይት አትፍረጂ።

እሷ፦ የአክስቴ ልጅ አብሬ ልምጣ፣ የጥይቱንም ግማሽ እኔ ልግዛ ብሎኛል።

ጋሼ፦ በተማሪ ቪዛ ያለው? እንዳታደርጊው። የፌዴራሉ ሕግ ለጊዜው በቪዛ የገባ ሰው መሣሪያም ጥይትም እንዳይዝ ይከለክላል፤ የአደን ፈቃድ እንዳለው ሰው ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሌላ ነው። ልጁ ትምህርቱን በአሥር ሳንቲም ጥይት እንዳያጣ። አንቺም ስሚ፤ ለፋሲካ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ አይደል? ሬንጅ የምትይዢውን ቦርሳ ይዘሽ አትሂጂ። አንዲት ትዌንቲ ቱ ኪስ ጥግ ተሰንቅራ ኤርፖርት ላይ ብትገኝ ረስቼ ነው ማለት አያድንሽም። በኢትዮጵያ ጥይት ያለ ፈቃድ ማስገባት በአዋጅ 1177/2012 የተከለከለ ነው። ለሬንጅ ሌላ ቦርሳ ይኑርሽ፣ ለመንገድ ሌላ።

እሷ፦ ልክ ነው፣ ያንኑ ቦርሳ ነበር ልይዝ ያሰብኩት። ሌላስ? ትንሽ ናት ብዬ የናቅሁት ነገር ካለ ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ ትንሽነቷን ነው የናቅሽው። ሳጥኑ ጎን ላይ አንብቢ፤ አደጋዋ እስከ አንድ ማይል ተኩል፣ ወደ 2.4 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ይላል። ከውሃና ከድንጋይ ላይ ነጥራ አቅጣጫ ትቀይራለች። ከጀርባው አፈር የሌለው ዒላማ ላይ አትተኩሺ። ሌላው እርሳሱ ነው፤ አረሩም መለኮሻውም እርሳስ አለበት። ጨርሰሽ ስትወጪ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ፣ እጅሽን ሳትታጠቢ ዳቦ አትቁረሺ፣ በተኮስሽበት ልብስ ልጅሽን አትቀፊ። ቤት ውስጥ ባለ ሬንጅ ከሆነ አየር ማውጫው የሚሠራበትን ምረጪ። ጥይቱም መሣሪያውም ለየብቻ፣ ሁለቱም ተቆልፎባቸው።

እሷ፦ እሺ። እንበልና ፈትኜ ቴኔክስ አሸነፈች። በየሳምንቱ ቴኔክስ መግዛት አልችልም።

ጋሼ፦ ማንም አይችልም። ለውድድር ቀን አሸናፊዋን፣ ለልምምድ ደግሞ ከርካሾቹ በተሻለ የወጣችውን ግዢ። ልምምድ ላይ የሚያስፈልግሽ የሳጥን ዋጋ ሳይሆን የተኩስ ብዛት ነው። የመረጥሽውን ስትገዢ ግን ሳጥኑ ላይ ያለውን የሎት ቁጥር እይ። ፋብሪካው በአንድ ዙር ያመረታቸው ጥይቶች አንድ ሎት ይባላሉ። ከፍ ያሉት ተወዳዳሪዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ፋብሪካው ወዳዘጋጀው መፈተሻ ይሄዳሉ፤ ላፑዋ ሜሳ አሪዞና ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አለው። ጠመንጃው ታስሮ ሎት በሎት ይተኮሳል፣ ያሸነፈውን ሎት በካርቶን ገዝተው ይመለሳሉ። አንቺ አሪዞና ድረስ መሄድ አያስፈልግሽም። የፈተንሽውን ሳጥን ክዳን አስቀምጪ፣ ቁጥሩን ለሱቁ አሳዪ፣ ያንኑ ቁጥር አሥር ሳጥን ስጡኝ በይ። ቁጥሩ የተለየ ሳጥን ስሙ አንድ ቢሆንም ሌላ ጥይት ነው፤ እንደ አዲስ ይፈተናል።